ሸኩር የወቀረው ድንጋይ

ሸኩር አባ ጊሳ ፈሪ ነበር። ይህን የምለው ላሳጣው ብዬ አይደለም፤ እሱም አይክደውም ነበር። ውሻ ሲጮህ መንገድ ይቀይራል። የአወቱ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ድልድዩን ለመሻገር ሌላ ሰው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ዘመድ ሊጠይቅ ገብቶ፣ መርፌ የተወጋው ሌላ ሰው፣ ተዝለፍልፎ የወደቀው እሱ። ሚስቱ ሐጂራ መሳቅ ስትፈልግ «አንተ እኮ የገዛ ጥላህ ቢከተልህ ፖሊስ ትጠራለህ» ትለው ነበር። እሱም አብሯት ይስቅ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚፈራ ሰው አንድ የማይፈራው ነገር ነበረው፤ እሱም ድንጋይ ነው። አሰንዳቦ ላይ፣ ከጅማ አዲስ አበባ መንገድ ዳር በነበረች አንዲት ወፍጮ ቤት ውስጥ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ሠርቷል። ሥራው ወቀራ ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ከርሞ ፊቱ ይለሰልሳል፤ እህሉን መብላት ትቶ ማሸት ይጀምራል፤ ዱቄቱም እየሞቀ ይወጣል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ይወርድና በሾጣጣ መዶሻ፣ በመውቀሪያ፣ ከመሐል ቀዳዳው ጀምሮ ወደ ጠርዙ ፊቱ ይወቀራል። አዲስ ድንጋይማ ሳይወቀር ጨርሶ አይሰቀልም። ሸኩር ከድንጋዩ ጎን ተቀምጦ መውቀሪያውን ሲያነሳ ያ ሁሉ ፍርሃቱ የት እንደሚገባ አይታወቅም። የአሰንዳቦ ሴቶች «የሸኩር እጅ ያረፈበት ድንጋይ ጤፍ አያስተርፍም» ይሉ ነበር። ይህን ሲሰማ አንገቱን ቢደፋም ደስ ይለው ነበር።

ንጉሡ በመጨረሻ ዘመናቸው ላይ ሳሉ የወፍጮዋ ባለቤት ሞቱና ወራሾቹ ሸጧት። የገዛው ሰው ድንጋዮቹን አውጥቶ ደጅ ጣለና በቦታቸው የቡና መፈልፈያ ተከለ። ሸኩር መውቀሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሐጂራን አስከትሎ ጅማ ገባ። የሐጂራ ታናሽ ወንድም ጀማለዲን መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ባሌስትራ በሚሠራ አንድ ጋራዥ ተቀጥሮ ነበርና አሠሪውን ለምኖ አማቹን አስገባው። የሚኖሩትም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጋርተው ነው።

በዚያ ዘመን ጅማ ላይ ባሌስትራ የሚሠራ ሰው ሥራ አያጣም ነበር። ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭነው የሚመጡት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪኖች ጆንያ ላይ ጆንያ እየቆለሉ፣ ከላይ ደግሞ ሰው አስቀምጠው፣ በዚያ ጉድጓዳም መንገድ ሲንገጫገጩ ከሥራቸው ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል ይሰበራል። ሹፌሩ እየተራገመ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ በጋራዡ ባለቤት በጋሽ ፍስሐ በር ላይ ይቆማል።

ጋሽ ፍስሐ ከሸዋ የመጡ ብረት ሠራተኛ ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ ግን ቂም አይዙም ይባልላቸው ነበር። ጆሯቸው በመዶሻ ብዛት ደክሟል፤ ይህን ግን ማንም ፊት ለፊት አይነግራቸውም። ሠራተኛ ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ የሚደጋግሙት ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ «ባሌስትራ ጭነት አይሰብረውም። የሚሰብረው ጭረት ነው። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት ከተውክ፣ ስንጥቁ ከዚያ ተነሥቶ ግልገል ጊቤ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ገደል ይከተዋል።» ስለዚህ የእያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ በሞረድ ይፋቃል፤ በእጅ፣ ክንድ እስኪዝል። ሸኩርም ሲፍቅ እየዋለ ይህን ትምህርት በቃሉ አጥንቶት ነበር።

ኋላ ጋሽ ፍስሐ በሞረድ ፈንታ በሚሽከረከር ድንጋይ ብረት የሚፍቅ መሞረጃ ማሽን ገዙ። ቡና አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ላይ ከአዲስ አበባ መጣ። ማሽኑ ወፍራም ብረት ነው፤ ድንጋዩ ለብቻው በገለባ ተጠቅልሎ በሣጥን ነበር። ሰፌድ የሚያህል፣ ግራጫ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ። ሸኩር ማሽኑን ሲያይ እንደ ልማዱ ፈራ፤ ድንጋዩን ሲያይ ግን የድሮ ወዳጁን ያገኘ ያህል ልቡ ሞቀ።

ጋሽ ፍስሐ ማሽኑን ሲተክሉ እንደሌላው ሥራቸው አልቸኮሉም። ወለሉን አስቆፍረው ሲሚንቶ አስሞሉ፤ ብሎኖቹን አስቀበሩ፤ ውሃ ልክ እየዘረጉ ደጋግመው ለኩ። ሞተሩ ድንጋዩ ከሚችለው በላይ እንዳያሮጠው ድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ መነጽር አድርገው አነበቡ። ሽርጥ ለብሶ የሚመጣ ሁሉ ከነገ ጀምሮ ሱሪ እንዲለብስ አዘዙ፤ የሚወዛወዝ ጨርቅ ማሽኑ ይዞ እጅ ይጎትታል አሉ። ሸኩር በዚያው ቀን ሐጂራን ሱሪ አስገዛት። በመጨረሻም ሰውን ሁሉ ዝም አሰኝተው፣ ድንጋዩን በቀዳዳው በጣታቸው አንጠልጥለው፣ በመዶሻ እጀታ ጎኑን ቀስ ብለው መቱት።

«ጥንንን» አለ ድንጋዩ።

«ሰማችሁ? ጤነኛ ድንጋይ እንዲህ ነው የሚጮኸው» አሉና ጠረጴዛ ላይ፣ ጆንያ አንጥፈው አጋደሙት። «ሲሚንቶው ይድረቅ። ነገ እንሰቅለዋለን። ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ማን እንደሚተርፍ፣ ማን እንደሚሄድ ያኔ እናያለን። ይህን ሁሉ ሞራጅ አልቀልብም።» ይህን ብለው ምሳ ሊበሉ ወጡ፤ ሌላውም ተከትሎ ወጣ።

ሸኩር ብቻውን ቀረ። ሐጂራ የቋጠረችለትን ቂጣ እየቆረሰ «ማን እንደሚሄድ» የምትለዋን ቃል ያላምጥ ነበር። የሚሄደው እሱ ነው፤ ሌላ ማን አለ? በኋላ የመጣ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ከሞረድ በቀር ሌላ የማያውቅ። በዚህ ሐሳብ ላይ እንዳለ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ዐረፈ። የድንጋዩ ፊት ለስላሳ ነው። እጁን ሰድዶ ዳሰሰው፤ ምንም ወቀራ የለበትም። ሰዎቹ ያልተወቀረ ድንጋይ ሊሰቅሉ ነው!

እስቲ ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ክፉ አላሰበም። ያሰበው ጋሽ ፍስሐ ከምሳ ሲመለሱ ድንጋዩ ተወቅሮ፣ ተዘጋጅቶ ሲያገኙት ምን እንደሚሉ ነው። «ለካ ሸኩር ሙያ አለው» ይላሉ። ስለዚህ ከማይለየው ከረጢቱ መውቀሪያውን አወጣ፤ «ቢስሚላሂ» አለ፤ በአሰንዳቦው ወግ ከመሐል ቀዳዳው ዳር ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እጁ ደስ አለው።

ጥቂት እንደመታ ጥፍር የምታህል ስባሪ ተፈናጥራ ጉንጩን ነካችው። ደግሞ ድንጋዩ ድምፁን ለወጠ። የወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ይኼኛው ግን ሲጮህ ቆይቶ ድንገት ድምፁ ታፈነ። ሸኩር መውቀሪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።  ድንጋይ አስፈርቶት አያውቅም ነበር፤ አሁን ፈራው። ብናኙን በመዳፉ ጠርጎ፣ መውቀሪያውን ከረጢቱ ከተተና ጋሽ ፍስሐ እስኪመጡ ጠበቀ። ሊነግራቸው ነበር። ወላሂ ሊነግራቸው ነበር።

ጋሽ ፍስሐ ገቡ። ከኋላቸው የገባ አንድ ሠራተኛ የያዘውን የባሌስትራ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ አዩት።

«እንዳታስነካው!» ብለው ጮኹ፤ ጣራው የተነሣ እስኪመስል። ሰው ሁሉ በቆመበት ደረቀ። ፊታቸው ደም ለብሶ ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገሩ ጀመር።

«አዲስ አበባ፣ ወጣት ሆኜ በሠራሁበት ቤት፣ አንዱ እንደዚህ ያለ ድንጋይ ከጠረጴዛ ጣለ። ምንም አልሆነም፤ ደህና ይመስላል። አንሥቶ ቦታው መለሰው፤ ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ ድንጋዩ ተሰቀለ። ሲሮጥ ቆየ፤ ብረት ሲነካው ፈነዳ። አንዱ ስባሪ ጣራውን በስቶ ወጣ። ሌላው ፊት ለፊቱ የቆመውን ልጅ ደረቱን መታው። ‹እናቴ› እንኳ አላለም።» ቅጠሉን ከሠራተኛው እጅ ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። «ድንጋዩን የጣለው ሰውዬ ቀብሩ ላይ ከጎኔ ቆሞ ሲያለቅስ ነበር። ቆይቶ ነው የታወቀው። እኔ ሰው የገደለ ይቅር እላለሁ፤ በንዴት ይሆናል። እሱን ግን እስከ ዛሬ ስሙን አልጠራም።»

ሸኩር አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጋው።  አሁን እንዴት ብሎ ይናገር? «ጋሽ ፍስሐ፣ እኔም…» ብሎ ይጀምር? እነዚያ ደም የለበሱ ዓይኖች ወደሱ ሲዞሩ ታየው። ከሥራ መባረሩ ብቻ አይደለም፤ ስሙ የማይጠራ ሰው መሆኑ ነው። ቆይ፣ ሰው ሲቀንስ እነግራቸዋለሁ አለ ለራሱ። ሰው ሲቀንስ ደግሞ ቆይ፣ ሲበርድላቸው አለ። ሲበርድላቸው ቀኑ መሸ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጀማለዲን እግሩ መሬት አልነካ ብሎ ነበር። «ኦቦ ሸኩር፣ ሰምተዋል? መሞረጃው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ! ጋሽ ፍስሐ አሁን ነገሩኝ። ደሞዝ ይጨምሩልኛል። ባህሪያ ስትሰማ እኮ ትዘፍናለች!» ባህሪያ ሚስቱ ናት፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

ሸኩር የሰው አጥር ተደግፎ ቆመ።

«ምነው? አሞዎት ነው?»

«ምንም… ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው» አለና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አራገፈ። ጫማው ውስጥ ምንም አልነበረም። አሁን ንገረው፣ አሁን፣ ሌላ ሰው የለም፣ ወንድምህ ነው እያለ ራሱን ገፋ። ጀማለዲን ግን ስለ ሕፃኑ ስም ያወራ ጀመር፤ ወንድ ከሆነ የአያቱን፣ ሴት ከሆነች የሐጂራን። ሸኩር «ማሻአላህ» አለ።

ቤት ሲገባ ሐጂራ ፊቱን አይታ «ፊትህ አመድ መስሏል፤ ደግሞ ምን አየህ ዛሬ?» አለችው እየሳቀች። ውሻ ነው ብሎ ዋሸ። እሷም አመነችው፤ ለምን አታምነውም? ያን ሌሊት ዓይኑ አልተከደነም። ከግድግዳው ማዶ ጀማለዲንና ባህሪያ ሲሳሳቁ ይሰማው ነበር።

ሲነጋ ዝናብ ነበር፤ ያ የጅማ ዝናብ፣ ከተጀመረ ለሰው ፋታ የማይሰጠው። ሸኩር ሰግዶ ሲጨርስ ከምንጣፉ አልተነሣም። «ያረቢ፣ እኔ ለመናገር አቅም የለኝም፤ ድንጋዩ ራሱ ይናገር» ብሎ ለመነ። ጋሽ ፍስሐ ከመስቀላቸው በፊት መልሰው እንደሚመቱት ያውቃል፤ ጥንቁቅ ናቸው። ሲመቱት ድንጋዩ መሰንጠቁን ራሱ ይናገራል፤ ማንም ሳይጠይቅ ይጣላል፤ እሱም ነጻ ይወጣል። በዚህ ተስፋ ነበር እግሩን እየጎተተ ወደ ሥራ የሄደው።

እውነትም ጋሽ ፍስሐ ድንጋዩን አንጠልጥለው «ዝም በሉ!» አሉ። ሰው ዝም አለ፤ ዝናቡ ግን ዝም አይልም። ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ቤቱን ሞልቶታል። በመዶሻው እጀታ መቱት።

ሸኩር ሰማው። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው። «ድፍ» ነበር ያለው፤ የትናንቱ ጥሪ የለም። ልቡ በደስታ ዘለለ፤ አሁን ይጥሉታል!

ጋሽ ፍስሐ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ደግመው መቱ። ግራ ገባቸው። አለመስማታቸውን ማሳወቅ አልፈለጉምና ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «ሰማችሁ አይደል?»

ሠራተኞቹ ተያዩ። ማንም የሰማ የለም፤ ማንም ደግሞ አልሰማሁም ብሎ ቁጣ መጥራት አልፈለገም። «ኤዬ፣ ሰምተናል» አለ አንዱ። «ጥርት ብሎ!» አለ ጀማለዲን፣ የቸኮለው ማሽኑ ላይ ለመቆም ነው።

«ትናንትም ሰምቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ፍስሐ፣ ለራሳቸው ያህል። «ሸኩር፣ ካርቶኑን አምጣና መሐሉ ላይ አድርግበት።»

ድንጋዩን በሁለት በኩል የሚይዘው የብረት ሳህን በቀጥታ እንዳይጫነው ከመሐሉ ክብ ካርቶን ይደረጋል። ሸኩር ካርቶኑን አመጣ። ጎንበስ ሲል የገዛ ወቀራውን አየ፤ ቀዳዳው ዳር የተደረደሩ ትናንሽ ነጫጭ ንቅሳቶች፣ ከአንዱም ፀጉር የመሰለ መስመር ወጥቶ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ጋሽ ፍስሐ ከሌላው ወገን ቆመዋል፤ አይታያቸውም። ካርቶኑን አለበሰው። ንቅሳቶቹ ተሸፈኑ። ትናንት ያደረገው ባለማወቅ ነው ቢባል፣ ይህን ግን ምን ይሉታል? እሱም አወቀው።

ድንጋዩ ተሰቀለ። ጋሽ ፍስሐ ብሎኑን አጠበቁ፣ ግን አላስጨነቁትም። የብረት ሽፋኑን ገጠሙ። ብረት የሚያርፍበትን መደገፊያ ወደ ድንጋዩ አስጠግተው ሳንቲም እንኳ የማያሳልፍ ክፍተት ተዉ። ለጀማለዲን መነጽር ሰጡት። ከዚያ ሰውን ሁሉ ወደ ጎን ገፍተው፣ «ከድንጋዩ ፊት ለፊት የሚቆም እንዳይኖር! መጀመሪያ ባዶውን ይሩጥ» አሉና ከጎን ሆነው ማብሪያውን ጫኑ።

ማሽኑ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዘመረ። ሸኩር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ፈንዳ፤ ማንም ፊትህ የለም፤ አሁን ፈንዳ በአላህ! ድንጋዩ ግን ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሮጠ። ምንም አልሆነም። ሠራተኞቹ ማጨብጨብ ጀመሩ።

«በል ጀማለዲን፣ ና» አሉ ጋሽ ፍስሐ። «ቀስ አድርገህ አስጠጋ፤ አትጫነው።»

ጀማለዲን የባሌስትራውን ቅጠል አነሣ። «ቢስሚላሂ» አለና ወደ ማሽኑ ተራመደ።

«እኔ! እኔ ልጀምር!»

ሸኩር ነው የጮኸው። ከግድግዳው ተላቆ፣ ሮጦ፣ ቅጠሉን ከጀማለዲን እጅ ነጠቀና ድንጋዩ ፊት ቆመ። ይህን ለምን እንዳደረገ ኋላም ማስረዳት አልቻለም። መናገር አቃተው፤ ጀማለዲን ሲሞት ማየትም አይችልም። ከሁለቱ የቀለለው መሞት መሰለው። አያችሁ፣ ሰው ፈሪ ከሆነ አይቀር እንዲህ ነው የሚፈራው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ሸኩር ጀግና ሆነ!» «ማሎ፣ እባካችሁ ያዙት፣ አብዷል!» ሸኩር ግን አልሰማም። ከፊቱ ያ ግራጫ ክብ እየዞረ፣ ነፋሱ ፊቱን እየመታው፣ አዲሱ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይርገበገብ ነበር። ሐጂራ ታየችው። ቅጠሉን ሊያስጠጋ ፈለገ፤ እጁ አልታዘዝ አለ።

ጋሽ ፍስሐም ከሌሎቹ ጋር ስቀው ነበር። ድንገት ሳቃቸው ቆመ። ይህ ሰው ውሻ ሲጮህ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ማሽኑ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ፊቱን አዩት፤ የሬሳ ፊት ነበር። ማጥፊያውን በቡጢ መቱት።

«ድንጋዬን ምን አድርገኸዋል?»

ሞተሩ ጠፋ፤ ድንጋዩ ግን ወዲያው አይቆምም፤ በራሱ ክብደት መዞሩን ቀጠለ። «ከፊቱ ዞር በል! ወደ ጎን!» ብለው ጮኹ። ሸኩር መንቀሳቀስ አልቻለም። ያን ጊዜ ጀማለዲን ዘሎ ገባ። ድንጋዩ ፊት፣ ልክ ሸኩር ሊያድነው ከፈለገበት ቦታ ላይ ገብቶ፣ አማቹን ወገቡን አንቆ ጎተተው። ሁለቱም ተያይዘው ጥግ ላይ በተከመረው የምድጃ ከሰል ላይ ወደቁ።

ድንጋዩ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ሸኩር ከሰሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ወቅሬዋለሁ» አለ። «ትናንት፣ ምሳ ሰዓት። እንደ ወፍጮ መስሎኝ። ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው ጋሽ ፍስሐ። ከዚያ ፈራሁ።»

ጋሽ ፍስሐ ብሎኑን ራሳቸው ፈቱ፣ ካርቶኑን ገለጡ፣ ንቅሳቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ድንጋዩን አውርደው መሬት ላይ አቆሙትና በመዶሻ አንዴ፣ ቀስ ብለው፣ መቱት። ከሸኩር ወቀራ ተነሥቶ እስከ ጠርዙ ተከፈለ፤ ለሁለት ተገምሶ በየጎኑ ተኛ። ጀማለዲን ቁልቁል ሲያየው ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ሸኩር የጋሽ ፍስሐን ቁጣ ጠበቀ፤ ቁጣው ቢመጣ ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ጆሮዬ አልሰማም ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ከዚያ ዞሩ። «ሸኩር፣ ሂድ። ዛሬ ላይህ አልችልም። ነገ ግን እንዳትቀር። ሌላ ድንጋይ ይመጣል።»

ሁለቱ አማቾች ጭቃውን እየረገጡ ወደ ቤት ሄዱ። ዝናቡ አባርቶ ነበር።  ሸኩር ከኋላው እየተከተለ፣ የከሰሉን ጥላሸት ከወጣቱ ጀርባ ላይ ማራገፍ ፈልጎ እጁን ሰደደ፣ መለሰው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ጀማለዲን ቆመ።

«ኦቦ ሸኩር፣ ለኔ ብለው ሊሞቱ ነበር» አለ።  «ትናንት መንገድ ላይ ጫማዎን ሲያራግፉ፣ ስለ ልጄ ስም ስነግርዎ፣ ያውቁ ነበር። ከፊቴ ራስዎን ከሚያቆሙልኝ አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበር?»

ሸኩር የግቢውን በር ገፋ። 

ሐጂራ ድምፃቸውን ሰምታ ብቅ አለች። ጥላሸት የለበሱትን ሁለት ሰዎች አይታ ሳቋ መጣ። «ማሽናችሁ ተተከለ እንዴ? ምን ሆናችሁ? አሁንስ ምን አስፈራህ ሸኩር?»

ጀማለዲን ወደ መሬት አየ። የሚናገረው እሱ አይደለም፤ ለአማቹ ትቶለታል። ከበሩ ውስጥ ባህሪያ ሆዷን ይዛ ቀስ እያለች ስትመጣ ይታያል። ሸኩር ከሁሉም ነገር በላይ ይህችን ደቂቃ ፈራ፤ ከድንጋዩም ይበልጥ፤ የሐጂራ ሳቅ ፊቷ ላይ ሲደርቅ ማየት። ውሻ ነው ማለት ይችል ነበር።

«ሐጂራ» አላት፣ ባህሪያ እስክትደርስ ሳይጠብቅ። «ዛሬ ወንድምሽን ልገድለው ነበር። ቁጭ በዪ፤ ልንገርሽ።»